«ዘፈነት» ማለት
(«ጭፈራ በጥንት ሥልጣኔዎች» የተባለው ትርኢት ሊከፈት አሥር ቀን ቀርቶታል፤ በቲያትር ቤቱ ሠላሳ አምስት ዓመት የተወዛወዘችው እማዋይሽ ስሟን ከዝርዝሩ ብታጣው፣ አዘጋጁ ልሳነወርቅ ቢሮ ገብታ ቆማለች።)

እማዋይሽ፦ አልቀመጥም። ግብፅን ወሰዳችሁብኝ፣ ዝም አልኩ። ግሪክን ወሰዳችሁብኝ፣ ዝም አልኩ። አክሱምን ግን አልለቅም!

ልሳነወርቅ፦ እትዬ፣ የግብፅ ጭፈራ እኮ በጎን መሄድ ነው። ለጉልበትዎ አስበን ነው።

እማዋይሽ፦ በጎን ሂዱ ያለው ማነው?

ልሳነወርቅ፦ የመቃብራቸው ግድግዳ ላይ ሁሉም በጎን ነው የተሳሉት። ማስረጃ ነው።

እማዋይሽ፦ ሠዓሊው ፊት ለፊት መሳል ቢያቅተው ሕዝቡ በሙሉ እንደ ሸርጣን ሲሄድ ኖረ? ተወው፣ እሱ የእናንተ ጣጣ ነው። አክሱምን ለማን ሰጠህ?

ልሳነወርቅ፦ ለድምፃዊት።

እማዋይሽ፦ በጭፈራ ትርኢት ላይ?

ልሳነወርቅ፦ የአክሱምን ክፍል የወሰድንበት የግዕዝ ብራና ነው ያለው፣ ምን ላድርግ? ራሴ ነኝ የተረጎምኩት። «ዘፈነት በእገሪሃ በቅድመ ንጉሥ።» በንጉሡ ፊት በእግሯ ቆማ ዘፈነች።

እማዋይሽ፦ «ቆማ» የሚለው የቱ ጋ ነው?

ልሳነወርቅ፦ እግር ካለ ቆማለች ማለት ነው።

እማዋይሽ፦ ልሳኑ፣ ሰው በእግሩ ይዘፍናል?

ልሳነወርቅ፦ እኔንም ትንሽ ከብዶኝ ነበር። የጥንት ሰው ነው ብዬ አለፍኩት።

እማዋይሽ፦ በግዕዝ «ዘፈነት» ማለት ጨፈረች ነው። ብታዜም ኖሮ «ሐለየት» ይል ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ተወዛዋዥ ስሆን «ዘፋኝ ሆንሽ» ብለው ሦስት ዓመት አላናገሩኝም። እኔ ደግሞ አንድም ቀን ዘፍኜ አላውቅም። ለካ በግዕዝ ነው የተቆጡኝ።

ልሳነወርቅ፦ ፖስተሩ እኮ «የአክሱም ዘፈን» ተብሎ ታትሟል።

እማዋይሽ፦ ይሁን፣ በግዕዝ ትክክል ነው።

ልሳነወርቅ፦ እሺ፣ ትጨፍር። ግን እትዬ... ንጉሥ ፊት የምትጨፍር ሴት ወጣት መሆን አለባት። እርስዎ በመጋቢት ጡረታ ይወጣሉ።

እማዋይሽ፦ ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የጨፈርኩት ከኋላ ረድፍ ነው። ሳልወጣ በፊት አንድ ጊዜ ብቻዬን ከፊት ልቁም። ለምኜህ አላውቅም፤ ዛሬ እየለመንኩህ ነው።

ልሳነወርቅ፦ በእኔ ቢሆን ደስ ባለኝ። ኃላፊዎቹ ብራናው ካለው ውጭ ንቅንቅ እንዳትል ብለውኛል።

እማዋይሽ፦ ብራናው ወጣት ናት ይላል?

ልሳነወርቅ፦ ዕድሜዋን አይናገርም። ስሟን ብቻ ነው የጻፈው።

እማዋይሽ፦ ማን ትባላለች?

ልሳነወርቅ፦ አረጋዊት። «ብእሲት አረጋዊት» ይላታል። ወንዱ አረጋዊ፣ ሴቷ አረጋዊት። ቀሚሱ ላይ ሳይቀር በወርቅ ክር አስጠልፈነዋል።

እማዋይሽ፦ ልሳኑ፣ ስም አይደለም፤ አሮጊት ማለት ነው። ቀሚሱን አምጣው፣ ልለካው።