ጋሼ መኮንን ለፊልሙ መልስ የሰጡ ዕለት

የፍቅረኛዬ አባት ጋሼ መኮንን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። እንላመድ ብዬ፣ እዚህ ውጭ አገር የምንኖርበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ የድሮ ኮሜዲ ሲያሳይ ይዣቸው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እኔ ስለፈልፍ እሳቸው በመኪናው መስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። ፊልሙ ሲኒማ ገና ድምፅ ማውጣት የጀመረ ሰሞን የተሠራ ነው። ፊልሙን ያቀረቡልን ፕሮፌሰር እንዳስረዱን ዳይሬክተሩ ከየቀልዱ በኋላ ተመልካች ስቆ እስኪጨርስ ተዋናዮቹን ዝም ያሰኛቸዋል። ተማሪዎቹ ግን አንድም የሚስቅ የለም። ተዋናዩ «ሚስቴን ያያችሁ?» ብሎ ጸጥ ሲል፣ ጋሼ መኮንን በጣታቸው እያሳዩ «አልጋው ስር ናት» ብለው በአማርኛ መለሱለት። ተዋናዩም ወዲያው ጎንበስ ብሎ አልጋው ስር አየ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማቸው፣ ለተጠየቀው ሁሉ መልስ ሰጡ።

ስንመለስ «ወደዱት ጋሼ? እኔማ እኮ...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ነው። ለሰው መናገሪያ ፋታ ይሰጣል። አንተ ግን ከቤት ከወጣን ጀምሮ አፍህን አልገጠምክም።»

ክው አልኩ። ሀይዌዩን እስክንጨርስ ትንፍሽ አላልኩም። ከሀይዌዩ መውጫ ላይ ስንደርስ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ታዲያ ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» አሉኝ።