ወተሩ ስንት ነው?

ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የተሳፈርንበት ሐፍላ፣ የከተማው አውቶቡስ፣ መንገዱ በሚነድ ጎማ ተዘግቶበት ቆሟል። የአብዮቱ ሰልፈኞች ከፊታችን ይዘፍናሉ። ከኋላዬ አንዲት ተማሪና አክስቷ በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ።

«ቤት እንደገባን መጀመሪያ ክራሬን ከቁምሳጥኑ ላይ አውርጂልኝ።»

«ሒሳብ ሳታልፊ ክራር የለም ብያለሁ፤ ኸላስ!»

«እሱን እኮ ነው የምነግርሽ። ፈተናው ላይ ባለ ቀጤ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ተስሏል። ሁለቱ ጎኖች ስድስትና ስምንት ናቸው፤ ከሥሩ በዓረብኛ ‹ወተሩ ስንት ነው?› ይላል።»

«ወተር ደግሞ ምንድን ነው?»

«እኔስ መች አወቅኩ! ጎንደር የተማርኩት በአማርኛ። ላብ አጠመቀኝ። ወተር፣ ወተር ስል ቆይቼ... አውታር!»

«የክራሩ?»

«የክራሩ! ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጠረው። እንግዲያው ከቀጤ ማዕዘኑ ፊት ለፊት የተወጠረው ጎን ነው አልኩ። ስድስትን በስድስት፣ ስምንትን በስምንት አባዝቼ ብደምረው መቶ መጣ። መቶ የስንት በስንት ነው?»

«እኔን ደግሞ አትፈትኚኝ!»

«የአስር በአስር! ወተሩ አስር ነው። ዛሬ ውጤት ሰጡን፤ አልፌያለሁ አክስቴ፣ ወላሂ አልፌያለሁ!»

«እልልልልል! ክራርሽን ዛሬውኑ አወርድልሻለሁ!»

የተሳፈረው ሁሉ እልልታው ለአብዮቱ መስሎት አጨበጨበ፤ እንደ ሰልፈኞቹም ለድል ምልክት ሁለት ሁለት ጣቱን ከፍቶ ወደ ላይ አነሳ።

እኔም ሁለት ጣቶቼን አነሳሁ፤ ዓይኔ ግን በጫፎቻቸው መሀል ያልተወጠረውን አውታር ይለካ ነበር።