ተራራው የሚጀምረው ከሶፋው ነው

(አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ ዘርጋው ሶፋው ላይ ተጋድሟል፣ ልጃቸውን ሊያርሱ ከገጠር መጥተው እዚያው የሰነበቱት አማቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስኒከር አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።)

ማንጠግቦሽ፦ ተነስ አልኩህ እኮ! ፀሐዩ ሳይበረታ እንውጣ።

ዘርጋው፦ እማዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜም ሰንበት ነው።

ማንጠግቦሽ፦ ትናንትስ?

ዘርጋው፦ ትናንትማ ዓርብ፣ ጾም! በባዶ ሆድ ደረጃ ልወርድ ኖሯል?

ማንጠግቦሽ፦ ሐሙስስ?

ዘርጋው፦ ሐሙስ… ሐሙስ ደክሞኝ ነበር።

ማንጠግቦሽ፦ «ገብርኤል ሆይ፣ ልጅ ስጠኝ እንጂ ተራራህን በእግሬ ወጥቼ ጧፍ አበራለሁ» ብለህ ስትሳልስ ደክሞህ ነበር?

ዘርጋው፦ ያኔ ስንት ዓመት ልጅ የጠማኝ ሰው ነበርኩ። የጨነቀው ሰው የማይሳለው ነገር አለ? ስንት ሰው ሲሳል ሰምቼ ነው የተሳልኩት!

ማንጠግቦሽ፦ ይኸው ልጁ መጣ፤ ጥርስም አበቀለ። አሁን ደግሞ መኪና ይወጣል ብለህ እንዳትጀምረኝ።

ዘርጋው፦ መኪና ግን ይወጣል እኮ።

ማንጠግቦሽ፦ ዘርጋው!

ዘርጋው፦ እስከ ግማሹ ብቻ! ለነገሩ ክንፍ ያለው መልአክ የእግርን ችግር በምን ያውቃል?

ማንጠግቦሽ፦ በስመ አብ! አፍህን ያዝ! ስለት በልተህ ልጁ ላይ ልታመጣበት ነው?

ዘርጋው፦ እሺ፣ ይቅር ይበለኝ። ግን ይህን ሆድ ይዞ ተራራ…

ማንጠግቦሽ፦ ዛሬ ውጣው ያለህ ማን ነው? ለታኅሣሥ ገብርኤል ገና ነው። መጀመሪያ ይቺን ደረጃ ትወርዳለህ፣ ትወጣለህ። እሷ ስትለምድህ እስከ ገበያው። ከዚያ ከሰፈሩ ጀርባ ያለችው ዳገት። መንገድ ላይ አባታችን ሆይ ትደግማለህ፤ ትንፋሽህ ሳይቆረጥ «አሜን» ካልክ፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ካልሆነም እዚያው እንደግማታለን፤ ማን ያባርረናል?

ዘርጋው፦ ባለፈው ሞከርኩት እኮ። «በሰማያት የምትኖር» ሳልል እኔው ልሄድ ነበር።

ማንጠግቦሽ፦ ስለሮጥክ ነዋ! ጎረቤት ሴቶች ሲያዩህ ጊዜ ጎረምሳ ልሁን አልክ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ዘርጋው፦ እንቁላሉ እግር ያወጣው ዶሮዋ ስለተቀመጠችበት ነው እማዬ። ምስጢሩ መቀመጡ ላይ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ አንተስ ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጠህ ምን ፈለፈልክ?

ዘርጋው፦ ቦርጭ።

ማንጠግቦሽ፦ ሂድ ወዲያ! አታስቀኝ፤ ተነስ።

ዘርጋው፦ እውነቱን ልንገርዎ? እፈራለሁ። እዚያ ዳገት ላይ ልቤ ቀጥ ብትልስ? ልጁን ላሳድገው ብዬ እኮ ነው የተሳልኩት።

ማንጠግቦሽ፦ እዚህ ሶፋ ላይ ቀጥ ብትልስ? ሐኪሙ «ካልተንቀሳቀስክ ለልብህ ያሰጋል» ያለህን ረሳኸው? እኔም እኮ ልጄ አባወራዋን ይዛ እንድትኖር ነው።

ዘርጋው፦ …የንስሐ አባቴን ባማክራቸውስ? ስለት ይለወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ማንጠግቦሽ፦ አማክሬያቸዋለሁ። ይለወጣል ብለዋል።

ዘርጋው፦ ተመስገን! ወደ ምን?

ማንጠግቦሽ፦ «መውጣት ካቃተው፣ አማቱን እቤቱ አስቀምጦ እስከ ዕለተ ሞቷ ይጡር።»

ዘርጋው፦ አባ? በአፋቸው?

ማንጠግቦሽ፦ በአፋቸው። እናቴ ደግሞ መቶ ዓመት አልፏት ነው ያረፈችው፤ ያውም ኮክ ልቀጥፍ ብላ ከዛፍ ወድቃ። አሁን ጫማህ የት ነው?

ዘርጋው፦ ጫማ ምን ያደርግልኛል? ይኑሩ!

ማንጠግቦሽ፦ ምን አልክ?

ዘርጋው፦ ይኑሩልን! ልጁ እንደሆነ ከእርስዎ ጀርባ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። ወጥ ቢሉ፣ ጨዋታ ቢሉ! ዛሬውኑ ደውዬ ላሞቹን ይሸጡልኝ እላለሁ።

ማንጠግቦሽ፦ የማንን ላሞች?

ዘርጋው፦ የእርስዎን። አባ በአፋቸው ካሉ እኔ ማን ነኝና እሽረዋለሁ?

ማንጠግቦሽ፦ ቆይ፣ ቆይ… እዚህ? ጎረቤት እንኳ እንዴት አደርሽ በማይልበት ሣጥን ውስጥ? ማኅበሬስ? ጓሮዬስ?

ዘርጋው፦ በረንዳው ላይ ጎመን እንተክላለን።

ማንጠግቦሽ፦ በረንዳ ላይ ጎመን! አባ እንደሱ… እኔም በደንብ አልሰማኋቸው ይሆናል፤ ጆሮዬ እንደሆነ…

ዘርጋው፦ አይጨነቁ፣ በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ከጥበቃው ጋር ይተዋወቃሉ። እሱን ሲለምዱ ታች ያሉትን ጎረቤቶች። ካልሆነም እዚያው እንደግማታለን፤ ማን ያባርረናል?

ማንጠግቦሽ፦ ዘርጋው፣ ተነስ! አልነሳም ካልክ ልጁን ለእናቱ ሰጥቼ፣ አንተን አዝዬ ተራራውን እወጣለሁ!