የቦራ ወተት

ከጠዳ ወደ አራዳ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ የወተት ላም ማርቢያቸውን የእውቅና ወረቀት ሊቀበሉ እየሄዱ መሆኑን ጎናቸው ላለችው ሴት ነገሯት።

«እንኳን ደስ ያለዎ፣ አያ። ለወረቀቱ የሚጠየቀውን መዝገብ መያዙ አላስቸገረዎም?»

«እንዴት አያስቸግር! የእያንዳንዷ ላም ወተት ተለክቶ ይጻፍ አሉ። እኔ ደግሞ የሰው ዓይን እፈራለሁ። የላሜን የቦራን ወተት መጠን ለጎረቤት እንኳ ተናግሬ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«‹ለጥጃዋም አይበቃ› አልኳት፣ መዝገቡን ልታይ የመጣችውን የእንስሳት ባለሙያ።»

«እሷስ?»

«ሸጋ ልጅ ናት! ሳቅ አለችና ‹እንግዲያው እርስዎው ይለኩ፣ እርስዎው ይጻፉ፤ እኔ አላይም› አለችኝ። ዝናብ እየመታት ጀርባዋን ለበረቱ ሰጥታ ቆመች። እንዲህ አክብራኝ እንዴት ልዋሽ? እውነቱን ጻፍሁ። ስታነበውም ቁጥሩን አልጠራችም፤ ‹እግዜር ይባርክልዎ› ብቻ አለች። የወለደቻት እናት ትባረክ!»

«አሜን። ለመሆኑ ቦራ ስንት ሊትር ትሰጣለች?»

«ምነው ልጄ፣ በሰላም እየሄድን!»

መልሱን ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ፣ ቀስ ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።