ላሳምን ገብቼ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ሰው አለቃውን ሲለምን… ምን ያስቃችኋል? ጡረታ የወጣሁት አምና ቢሆንስ? አለፈ አይደል? ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ታዲያ መሥሪያ ቤታችን እዚሁ በሐይቃችን ከተማ ፒያሳ ነበር፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘሪሁን ይባላል፣ እኔ ባለጉዳይ ተቀባይ ነኝ፣ እና አንድ ቀን ሁላችንንም ሥልጠና ብለው ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ወሰዱን። አሠልጣኙ ሱፉ የጠበበው ልጅ ነው፣ እጁን ባነሳ ቁጥር አሁን ተቀደደ፣ አሁን ተቀደደ እያልኩ እኔ እሳቀቃለሁ። «ባልደረባን እና አለቃን ማሳመኛ ዘዴ» ይለናል። አንደኛ፣ አድንቀው። ሁለተኛ፣ ውለታ ዋልለት። ሦስተኛ፣ ሰው አስተባብረህ ግባ። አራተኛው ደግሞ አማክረው፣ ሐሳቡ የራሱ ይመስለዋል። እኛ እናጨበጭባለን። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አቶ ዘሪሁንም ፊት ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል!

ከዚያ ወዲያ ቢሮው አበደ። ዘበኛው ገና ከበር፣ «እትዬ ወርቅነሽ፣ ዛሬ እኮ አረማመድዎ ልዩ ነው!» ይለኛል፤ «ምን ፈልገህ ነው?» እለዋለሁ። ጸሐፊዋ ሻይ ስትጋብዘኝ ሻዩን እፈራዋለሁ። ከልብ የመጣ ምስጋና እንኳ የሚያምን ጠፋ!

ታዲያ በዚህ መሀል ማርታን ብርዳሙ ደጋ፣ ሀገረ ሰላም ቅርንጫፍ ተዛውረሻል አሏት። ማርታ አጠገቤ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ገና ከወሊድ ፈቃድ መመለሷ ነው፣ ሕፃኑ ጡት አልተወም፣ ባሏ ሹፌር ነው፣ ብዙውን ጊዜ መንገድ ነው የሚያድረው። ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። «አይዞሽ፣ የሠለጠነ ሰው ሞልቶ!» አልኳት።

መጀመሪያ ደረጀ ገባ። ደረጀ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው፣ ንግግር ያውቃል። በሩ ገርበብ ብሏል፣ እኛ ጆሯችንን ቀስረናል። «አቶ ዘሪሁን፣ እንደ እርስዎ ያለ አርቆ አሳቢ መሪ…» ሲል፣ አቶ ዘሪሁን በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ «ደረጀ፣ ይሄ አንደኛው ነው» አለው! ወጣ ልጁ፣ ጆሮው ቀልቶ። በማግስቱ ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ገበያ፣ ትኩስ ዓሣ ገዝቶ ገባ። «ይሄ ደግሞ ሁለተኛው ነው። ዓሣውን ግን እዚያ ጋ አስቀምጠው።» እና ዓሣው እዚያው ቀረ! ሁላችንም ግር ብለን ስንገባማ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሦስተኛው። ወንበር የለኝም፣ ውጡ» አለን። እየሳቅን ወጣን፣ ማርታ ብቻ አልሳቀችም።

እንግዲህ እኔ ቀረሁ። ነጠላዬን አጣፋሁና ገባሁ። «አቶ ዘሪሁን፣ አንድ ነገር ላማክርዎ…» ከማለቴ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ እንኳን መጡ! እኔ ራሴ ላማክርዎ ፈልጌ ነበር።»

ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

«የማርታ ነገር ከብዶኛል» አለኝ። «ግን ቅርንጫፉ ሰው የለውም፣ ባለጉዳይ እየተጉላላ ነው። ደረጀን ልላከው?»

«ደረጀን! ሲዳምኛ አንድ ቃል አይችል፣ ብርድ አይችል፣ በሳምንቱ እያለቀሰ ይመጣል!»

«እውነትዎን ነው። ሲዳምኛ የሚችል ሰው ነው የሚያስፈልገው።»

«አዎ፣ ሰው የሚያከብር» አልኩ እኔ።

«ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰ።»

«አዎ! ለብርድ የማይበገር!»

«ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል፣ እትዬ?» ብሎ አገጩን ይዞ ተከዘ። ትካዜው አንጀቴን በላው። እና ምን ብል ጥሩ ነው? «እኔስ ምን ሆንኩ!» አልኩት፣ ጠረጴዛውን መትቼ!

ስወጣ ከበቡኝ፣ «ምን አለ? ምን አለ?» «ማርታ ቀረች!» ስል ቢሮው በእልልታ ቀለጠ፤ ማርታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ማን ሊሄድ ነው ታዲያ?» አለ ደረጀ። «እኔ» አልኩት። እሱም ቀስ ብሎ፣ «እትዬ… ይሄ እኮ አራተኛው ነው» አለኝ!

ለባለቤቴ ስነግረው፣ «ልታሳምኚው ገብተሽ አሳምኖሽ ወጣሽ?» ብሎ ከሶፋው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ስቆ ስቆ ሲበቃው ግን ወፍራሙን ጋቢውን አምጥቶ እቃዬ ላይ ደረበልኝ።

እና ሄድኩ፣ ሌላ ሰው እስኪቀጠር። ብርዱ፣ ልጆች፣ ብርዱ! ጠዋት እስክሪብቶ የሚይዝ ጣት የለኝም። መጀመሪያ «ምን አቅብጦኝ ነው» እያልኩ ብቻዬን እነጫነጭ ነበር። በኋላ ግን ባለጉዳዩን በቋንቋው ሳናግረው ፊቱ ሲፈታ አየሁ፣ እናቶቹም ቡሪሳሜ የሚሉትን ቆጮ በቅቤ አርሰው ያመጡልኛል፣ «ብዪ፣ ያሞቅሻል» እያሉ፣ እና ወፍሬ ተመለስኩ! ዓርብ ዓርብ መናኸሪያ ስወርድ ማርታ ልጇን አዝላ ትጠብቀኛለች፣ ከባሌ ቀድማ።

ምን አልሽ አንቺ? «እና እትዬ፣ ተሸወዱ ማለት ነው?»

ማን? እኔ? ማርታ ትቅር ብዬ ገባሁ፣ ማርታ ቀረች! አዎ፣ እሱም የልቡ ደረሰለት፣ ይኩራበት! አለቃ ማሳመን እንዲህ ነው፣ ልጄ፤ ያልሽው ይሆንልሻል፣ ብርዱን ግን አንቺ ነሽ የምትቀምሺው! ኪ-ኪ-ኪ… ኧረ ሆዴን!