የዳልቻዋ ፍየል አይብ

(ቃሉ ቆላ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡሯ መዲና ትኩስ የፍየል አይብ ከቀረበበት ሰፌድ ፊት አፏን ገጥማ ተቀምጣለች፤ የባሏ የኑርዬ እናት እማ ሩቅያ የጠቀለሉት ጉርሻ ከንፈሯ ድረስ መጥቷል።)

እማ ሩቅያ፦ አፍሽን ክፈቺ! እጄ ዛለ እኮ።

መዲና፦ አልፈልግም አልኩዎት እማ። በአላህ ይተዉኝ።

እማ ሩቅያ፦ የአማትን ጉርሻ መመለስ ከየት ያመጣሽው ነው? እናትሽ ቤት እንዲህ ነው የሚደረግ?

መዲና፦ ጉርሻዎን መች ጠላሁ? አይቡን ነው የፈራሁት።

እማ ሩቅያ፦ ጉድ እኮ ነው! አይብም ይፈራ ጀመር? ቃሪያውን ከትፌ፣ ጨውን ነስንሼ፣ የማሽላ ቂጣ በትኩሱ ጋግሬ አቀረብኩ። ሰፈሩ የሩቅያን አይብ አቅምሱን ይላል፣ የገዛ ምራቴ ፊቷን ታዞርብኛለች።

መዲና፦ ከየትኛዋ ፍየል ነው?

እማ ሩቅያ፦ ከየትኛዋስ ቢሆን? ፍየል ፍየል ናት።

መዲና፦ እማ!

እማ ሩቅያ፦ ከዳልቻዋ ነው። እና ምን ይሁን?

መዲና፦ ዳልቻዋ ማክሰኞ ጨነገፈች። ከሷ በፊት ቀይዋ፣ ከቀይዋ በፊት ቀንደ ሰባራዋ። ኑርዬ ሦስቱንም ጽንሶች ከጓሮ ሲቀብር አይቻለሁ፤ ጠጉር እንኳ አላበቀሉም።

እማ ሩቅያ፦ ዓይን ነው! ያቺ ጎረቤታችን በረቱን አይታ «ማሻአላህ» ሳትል ነው ያለፈችው።

መዲና፦ የእንስሳት ሐኪሙ በሽታ ነው አለ እንጂ ዓይን መች አለ? ወተቱን ሳታፈሉ እንዳትነኩት፣ እርጉዝ ሴትማ ጭራሽ እንዳትቀምስ፣ ጽንስ ያስወርዳል አለ። አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል።

እማ ሩቅያ፦ ሰምቻለሁ። ታዲያ አይብ እሳት ሳይነካው ይወጣል እንዴ? አሬራውን ጥጄው ነው!

መዲና፦ እስኪፈላ?

እማ ሩቅያ፦ እስኪፈላማ ማን ይጥዳል! ከፈላ እንደ ጎማ ይሆንና ጥርስ ላይ ይንጫጫል። ጣቴን ነክሬ፣ ለብ ሲል ነው የማወርደው። ሙያው እሱ ነው፤ እናቴም ያስተማረችኝ እሱን ነው።

መዲና፦ ለብታ በሽታውን አይገድለውማ! እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

እማ ሩቅያ፦ ስድስት ልጅ የወለድኩት ይሄንኑ እየበላሁ ነው። ኑርዬን ጨምሮ። አንድም አላስወረደኝ።

መዲና፦ ያኔ ፍየሎችዎ ይጨነግፉ ነበር?

እማ ሩቅያ፦ እሱማ...

መዲና፦ ይንገሩኛ!

እማ ሩቅያ፦ አይጨነግፉም ነበር።

መዲና፦ እኔ አራት ዓመት ነው የጠበቅኩት፣ እማ። ገበያ በወጣሁ ቁጥር «ዛሬም የለም?» እየተባልኩ። ይሄ ልጅ ከቀረብኝ አብዳለሁ። ሙያዎን ንቄ እንዳይመስልዎት። ስወልድ ሰፌድ ሙሉ ያቅርቡልኝ፤ አፍልተው ብቻ፣ ይንጫጫ ግድ የለም።

እማ ሩቅያ፦ ከሳሽብኝ እኮ፣ ልጄ። ሥጋው የለን፣ እንቁላሉ ይሸተኛል ትያለሽ። ክንድሽ እንጨት ሆኗል። ምን ላድርግ ታዲያ?

መዲና፦ ለእኔ ብለው እንደሆነ አጣሁት? አሁን ሰፌዱን ልውሰድና ጉድጓድ ቆፍሬ ልድፋው።

እማ ሩቅያ፦ ቆይ። አትነሺ።

መዲና፦ ምነው?

እማ ሩቅያ፦ ጠዋት ጠዋት የምበጠብጥልሽን በሶ ወደሽዋል፣ አይደል?

መዲና፦ አዎ፣ ጎምዘዝ ይላል፣ ደስ ይላል። ምን አደረጉበት?

እማ ሩቅያ፦ በውሃ አልነበረም የምበጠብጠው። አይቡን ሳጠልል በሚወርደው አጓት ነው፤ ያበረታታል ብዬ፣ ከረቡዕ ጀምሮ።

መዲና፦ ከዳልቻዋ?

እማ ሩቅያ፦ ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ፤ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንድረስ፣ ማን አጠጣት ሲሉ በአፌ እነግራቸዋለሁ።