የአየር ንብረት፣ የሰው ንብረት

ኮምቦልቻ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የሳይንስ ውድድር ቀን፤ ሁለት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሰዓዳና ነጃት፣ ቴርሞሜትር የተተከለባቸው ሁለት የሃይላንድ ፕላስቲኮች አጠገብ ቆመዋል፤ ዳኞቹ ከበሩ ወዲያ አዳራሹ ውስጥ ናቸው።

ሰዓዳ፦ በአላህ ነጃት፣ ተራዬ ሊደርስ ነው። ይቺን ብቻ ንገሪኝና ሂጂ፤ ይሄኛው ፕላስቲክ ከዚያኛው ለምንድን ነው የሚሞቀው?

ነጃት፦ የራስሽን ሥራ እኔ ላስረዳሽ? ወረቀቱ «ፈጠራና ዝግጅት፦ ሰዓዳ ይማም» ነው የሚለው። እስኪ ሰዓዳ ይማምን ጠይቂያት።

ሰዓዳ፦ አሁን የነገር ሰዓት አይደለም።

ነጃት፦ ለእኔ ሰዓቱ አሁን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብቄዋለሁ።

ሰዓዳ፦ አንቺ አልነበርሽም እኮ። ቲቸር ይርጋ «ማን ነው የሚያቀርበው?» ሲሉ ዝም ብል ሥራው ከውድድር ይወጣ ነበር።

ነጃት፦ ያልነበርኩት እናቴ ደሴ ሆስፒታል ተኝታ፣ እኔ አልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ ስለነበር ነው። ስሄድ ምን አልኩሽ? «አደራ ሰዓዳ፣ ቴርሞሜትሮቹን በየቀኑ እያየሽ መዝግቢልኝ» አልኩሽ። አንቺ ስሜን ፍቀሽ ስምሽን መዘገብሽ።

ሰዓዳ፦ አጥፍቻለሁ አልኩ እኮ። ደግሞ ቂም ይዞ ጸሎት...

ነጃት፦ ጨርሺዋ። ሳል ይዞ ስርቆት። ይኸው ሳሉ ዳኞቹ ፊት ሊመጣብሽ ነው።

ሰዓዳ፦ ከእኔ በፊት የገባውን ልጅ አዋርደው ነው የለቀቁት። አባቴ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንደኛ ወጥቼ ለክልል ውድድር እሄዳለሁ ብዬዋለሁ።

ነጃት፦ እኔም ለእናቴ እንደዚያው ነበር ያልኳት። ከሰመመን ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ፕላስቲኮችሽስ?» ብላ ነው።

ሰዓዳ፦ አፉ በይኝ። ምን ልበልሽ ሌላ?

ነጃት፦ እሺ፣ አስረዳሻለሁ። ቁጭ በይ። አይ፣ ቁሚ፤ ቆመሽ ስሚ።

ሰዓዳ፦ ይኸው ቆሜያለሁ።

ነጃት፦ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይሄን ነው። የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሰዓዳ፦ የአየር ሁኔታ እንደ ዛሬ መሞቁ ነው። ንብረት ደግሞ ያው ሀብት ነው፤ አየሩ ያለው ሀብት፣ ኦክስጅን ምናምን።

ነጃት፦ አንቺ ንብረት ሲባል የሚታይሽ የሚወሰድ ነገር ብቻ ነው።

ሰዓዳ፦ ሰደብሽኝ።

ነጃት፦ ገና ነኝ። ስሚ፤ ጠዋት ደመና ነበር፣ አሁን ፀሐይ ወጣ። ይሄ የአየር ሁኔታ ነው፤ በየሰዓቱም ይለዋወጣል። የአየር ንብረት ግን የአንድ አገር የአየር ጠባይ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ተመዝግቦ፣ አማካዩ ተወስዶ ነው የሚታወቀው። አንድ ቀን ዝናብ ቀረ ተብሎ የአየር ንብረት ተለወጠ አይባልም።

ሰዓዳ፦ እንግዲያው እኔም አንድ ቀን ብሳሳት ጠባይዋ ነው አይባልማ።

ነጃት፦ አንድ ቀን? ሰባተኛ ክፍል ድርሰቴን፣ ዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ሥዕሌን፣ አሁን ደግሞ ይሄን። ያንቺ መዝገብ ሞልቷል፤ አማካይ ይወጣለታል።

ሰዓዳ፦ ድርሰቱን እስካሁን አልረሳሽውም?

ነጃት፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መዝገብ ካነሳን አይቀር፣ ይሄ ሠንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ?

ሰዓዳ፦ እሱን ቤት ቁጭ ብዬ ነው የሞላሁት።

ነጃት፦ ማክሰኞ ፀሐይ ላይ አርባ ዲግሪ ብለሻል። ማክሰኞ እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዘንብ ነው የዋለው፤ ዳኞቹም የሚኖሩት እዚሁ ከተማ ነው።

ሰዓዳ፦ ልሰርዘው?

ነጃት፦ ስም የሰረዘ እጅ ቁጥር አያቅተውም። ቀጥዪ፤ ይሄኛው ለምን ሞቀ ቢሉሽ?

ሰዓዳ፦ እሷን እንኳ ተዘጋጅቼባታለሁ። ኦዞኑ ስለተሸነቆረ፣ በቀዳዳው ፀሐይ እየገባ...

ነጃት፦ ፕላስቲኩ የቱ ጋ ነው የተሸነቆረው? አሳዪኝ።

ሰዓዳ፦ አልተሸነቆረም።

ነጃት፦ ታዲያስ። ኦዞን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ቆዳና ዓይን ከሚጎዳ የፀሐይ ጨረር የሚጋርደን ነው። አንቺ ከታች ያለውን ጥቁር አፈር እዪ። ብርሃኑ በፕላስቲኩ አልፎ አፈሩን ያሞቀዋል፤ አፈሩ ደግሞ ሙቀቱን በማይታይ ጨረር መልሶ ይለቀዋል። እዚያኛው ውስጥ ያለው ተራ አየር ነው። እዚህኛው፣ የሚሞቀው ውስጥ ግን አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅዬ ያወጣሁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። እሱ የሚወጣውን ሙቀት ይውጥና ከፊሉን መልሶ ወደ ታች ይልከዋል። ምድርም ላይ የሚሆነው እንደዚያ ነው።

ሰዓዳ፦ እንደ ብርድ ልብስ ነው ልበል?

ነጃት፦ በይ። ግን ብርድ ልብሱን ጠላት አታድርጊው፤ ጭራሽ ባይኖር ምድር በብርድ ትደርቅ ነበር። ችግሩ ሰው ከሰልና ነዳጅ ባቃጠለ፣ ደን በጨፈጨፈ ቁጥር በላዩ ላይ ሌላ መደረቡ ነው።

ሰዓዳ፦ ማቃጠሉን ብናቆምስ? ወዲያው ይቀዘቅዛል?

ነጃት፦ አይቀዘቅዝም። ከወጣው ካርቦን ብዙው መቶ ዓመትም ከዚያ በላይም አየር ላይ ይቆያል። ያጠፋ ሰው «በቃ ተውኩ» ስላለ ጥፋቱ አይነሳለትም።

ሰዓዳ፦ ገባኝ። ወላሂ፣ ቲቸር ይርጋ እንኳ እንዲህ አላስረዱንም።

ነጃት፦ አንድ ነገር ቀርቷል። ስትገቢ «ሥራው የነጃት ነው፣ እኔ ዘንድ በአደራ ነበር» ትያለሽ። ከዚያ አብረን እናቀርበዋለን።

ሰዓዳ፦ አባቴ ፊት?

ነጃት፦ አባትሽ ፊት።

ሰዓዳ፦ ካሸነፍኩ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ሰርተፍኬቱን ልያዝና፣ ለክልሉ ስንሄድ ስምሽን ከታች አስገባዋለሁ።

ነጃት፦ ከታች።

ሰዓዳ፦ ምናለበት? አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ለከርሞ ሌላ ትሠሪያለሽ። እኔ ያለችኝ ይቺው ናት።

ነጃት፦ እሷም ያንቺ አይደለችም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ሰዓዳ።

ሰዓዳ፦ ተይኝ በቃ። የነገርሽኝን ይዣለሁ፤ ሠላሳ ዓመት፣ ጥቁር አፈር፣ ብርድ ልብስ፣ መቶ ዓመት። ይኸው ጠሩኝ፣ ልግባ።

ነጃት፦ ግቢ። ብቻ ከነገርኩሽ ውስጥ አንዱ ሆን ብዬ የጨመርኩት ውሸት ነው። ወይም ሁሉም እውነት ነው።

ሰዓዳ፦ ምን አልሽ? የቱ ነው? ነጃት፣ እየጠሩኝ ነው፣ የቱ ነው?

ነጃት፦ የሠራው ሰው ያውቀዋል።